የአገሮች መዋጮ

ነጅዋ አማርኛን ከእናቷ፣ ኦሮምኛን ከገበያ፣ ስዋሂሊን ከፖሊስ ነው የተማረችው። እንግሊዝኛውንስ ከየት አመጣሽው ሲሏት «ከብስኩት ካርቶን» ትላለች፤ ቀልድ ይመስላል እንጂ ውሸት አይደለም። ወላጆቿ ከኢትዮጵያ ተሰደው ሲመጡ ልጅ ነበረች። ኑሮ ጨበጥ አድርገው በኬንያው ሞያሌ፣ ሄሉ ሰፈር ሱቅ ሲከፍቱ እሷ ከመደርደሪያው ኋላ ተቀምጣ በየካርቶኑ ላይ የተጻፈውን እያነበበች አደገች። እንዲህ ያለውን ሰው ሞያሌ «አስተርጓሚ» ብላ ትጠራዋለች። ማስረጃ አምጪ የሚላት የለም፤ ቢላትም ሌላ ሰው አያገኝም።

በፈረንጆች አቆጣጠር በሁለት ሺህ አሥራ አምስት፣ ነሐሴ ላይ፣ ጆይስ የምትባል ሴት ከናይሮቢ መጣች። የምትሠራበት ድርጅት ስሙ ከመርዘሙ የተነሳ ሰው «የአየሩ ድርጅት» እያለ ያሳጥረው ነበር። በዓመቱ መጨረሻ የዓለም አገሮች ፓሪስ ላይ ስለ አየር ንብረት ሊሰበሰቡ ነው። እያንዳንዱ አገር ጭሱን በምን ያህል እንደሚቀንስ፣ ለተጎዳውም ምን እንደሚያደርግ ቃል ይገባል። ድርጅቱ ደግሞ ከአርብቶ አደሩ አንድ ሽማግሌ ወስዶ እዚያ ሊያናግር ፈልጓል። ለዚህ ሲባል ከዳበልና ከኡራን መንደሮች ሽማግሌዎች በሎሪ ተጭነው መጥተው በአንድ ሆቴል አዳራሽ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተደረደሩ። ነጅዋ በጆይስና በእነሱ መካከል ቆመች።

ጠዋቱ በሰላም አለፈ። ጆይስ ስለ ሙቀት ተናገረች፤ ነጅዋ «ሰማዩ ታሟል» ብላ አሳለፈችው። ጆይስ ዝናብ ጊዜውን እንደሳተ ተናገረች፤ ነጅዋ ይህንንም ነገረቻቸው። ሽማግሌዎቹ ይህን ለመስማት ሎሪ ባላስፈለጋቸው ነበር፤ ግን ጨዋ ሰዎች ስለሆኑ እንደ አዲስ ነገር ራሳቸውን ነቀነቁ። የዳበሉ ጅሎ ብቻ ተኝተዋል። ጅሎ የትኛው መስክ መቼ እንደሚከፈት፣ ጉድጓዱ ላይ የማን ከብት ቀድሞ የማን ተከትሎ እንደሚጠጣ ከሚወስኑት ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው። ስብሰባ ላይ የሚነቁት ነገር ሲኖር ብቻ ነው ይባላል።

ከዚያ ጆይስ «ኮንትሪቢዩሽን» የሚል ቃል አመጣች። አገሮቹ ፓሪስ ይዘውት የሚሄዱት እሱን ነው። ነጅዋ ስታመነታ አይታ በስዋሂሊ ረዳቻት፦ «ምቻንጎ»።

ምቻንጎን ኬንያ ውስጥ የማያውቅ የለም። ለሠርግ ይዋጣል፣ ለቀብር ይዋጣል፣ ለተማሪ ክፍያ ይዋጣል። ነጅዋ በልቧ «መዋጮ» አለች። መዋጮ ካለች በኋላ ወደ ቦረና ቋንቋ የሚያሻግረው መንገድ አንድ ብቻ ሆኖ ታያት።

«ፓሪስ ላይ» አለች፣ «አገሮች ሁሉ ቡሳ ጎኖፋቸውን ይዘው ይመጣሉ።»

ጅሎ ዓይናቸውን ገለጡ።

ቡሳ ጎኖፋ ከብቱ ያለቀበት ቦረና ጎሳው ፊት ቆሞ የሚጠይቀው ነው። ልመና አይደለም፣ መብት ነው። ጎሳው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይሰማዋል፤ ከዚያ «አንተ ጊደር፣ አንተ የምትታለብ ላም» እያለ ባለው ሰው ላይ ይመድባል። እያለው የነፈገ አይታሰርም፣ አይገረፍም። ሰላምታ አይመለስለትም፣ በቃ። ሰላምታ የማይመለስለት ሰው ከብቱን የት እንደሚያጠጣና ልጁን ለማን እንደሚድር መላ ያገኘ እስካሁን አልታየም።

«የሚሰጡት ለማን ነው?» አሉ ጅሎ።

ጆይስ ጥያቄ በመምጣቱ ብቻ ፊቷ በራ። «ይበልጥ ለተጎዱት፤ እንደ እናንተ ላሉት» አለች። ይህ ያለ ችግር ተተረጎመ።

«እያንዳንዱ ምን ያህል እንደሚሰጥ የሚወስነውስ ማን ነው?»

ጆይስ በእንግሊዝኛ የመለሰችው አጭር ነበር፤ እያንዳንዱ አገር ለራሱ ይወስናል ማለቷ ነው። ነጅዋ «ቢያ ይወስናል» አለች። ቢያ አገር ነው፤ እስከዚህ አልተሳሳተችም። ነገር ግን ቦረና ቢያ ሲል የተሰበሰበውን ሕዝብ ሁሉ ጭምር ነው። ቢያ ወሰነ ማለት ሁሉም ተቀምጦ በአንዱ ላይ ወሰነበት ማለት ነው።

ጅሎ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። «ይህ ከሆነ እሄዳለሁ» አሉ።

ነጅዋ ቃሉ በሌላ በር እንደገባ ያን ጊዜውኑ ገብቷታል። አፏንም ከፍታ ነበር። ግን ጆይስ ማጨብጨብ ጀመረች፣ የኡራን ሽማግሌዎች ጅሎን መመረቅ ጀመሩ፣ በዚያ ላይ ሩዙ መጣ። ሩዝ ከመጣ በኋላ የሞያሌን ስብሰባ ወደ ኋላ የመለሰ ሰው የለም።

በማግስቱ ለባሏ ለጃቢር ነገረችው። ጃቢር ከወዲያ ማዶ፣ ከኢትዮጵያው ሞያሌ፣ ዕቃ እያመጣ የሚነግድ ሰው ነው። የማካሮኒ ካርቶን እያወረደ ሰማትና ካርቶኑን መሬት ላይ አስቀምጦ ተቀመጠበት።

«ስለዚህ ዓለሙን በሙሉ ቦረና አደረግሽው» አለ።

«ምን ልበል ታዲያ?»

«የፈለገ የፈለገውን ያህል ይሰጣል፣ ያልፈለገም ይተዋል፣ በይ።»

«እንደዚያ ብላቸው ይሄዳሉ?»

«አይሄዱም። እኔም አልሄድም። አንቺም ብትሆኚ ፈረንሳይ ድረስ ለዚህ አትለፊም።»

«ስለዚህ ዝም ልበል?»

«ምን ይጎዳል? ሽማግሌው አውሮፕላን አይተው ይመለሳሉ።»

ምን እንደሚጎዳ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ታወቀ። ዋሪቱ ስኳር ልትገዛ ወደ ሱቁ መጣች። ዋሪቱ የዳበል ሴት ናት፤ ባሏ ሞቷል፤ ከብቶቿ ደግሞ ባለፈው ድርቅ ተራ በተራ እያየቻቸው ወድቀዋል። ልጆቿን የምታጠጣው ወተት ከጎረቤት እየተቀዳ ነው የሚመጣው፤ ጎረቤት ደግሞ ማሰሮ ይዛ የምትመጣ ሴትን ከሩቅ ሲያይ በረቱ ውስጥ ሥራ ያገኛል። ዘንድሮ ግን ዝናቡ እንደ ጣለ ጎሳዋ ፊት ትቆማለች። የምትታለብ ላም ከነጥጃዋ እንደሚመደብላት ሽማግሌዎቹ ለብቻቸው ተነጋግረው ጨርሰዋል፤ ይህን ነጅዋም ታውቃለች፤ ከራሷ ከዋሪቱ አፍ ደጋግማ ሰምታለች።

«ላምሽ መች ትመጣለች?» አለች ነጅዋ ስኳሩን እየመዘነች።

«ጎሳውንስ ትቼዋለሁ» አለች ዋሪቱ። «የእኔ ጉዳይ ፓሪስ ሄዷል።»

ነጅዋ ስኳሩን መመዘን አቆመች።

«ማን አለሽ?»

«ጅሎ ናቸዋ። አንቺው ያስተረጎምሽላቸው አይደል? እዚያ ከብት የሞላቸው አገሮች ተቀምጠው የሚመድቡ ከሆነ ለምን የድሃ ጎሳዬን ላም እወስዳለሁ? የእኔን ድርሻ ዘንድሮ ሌላ ይውሰደው ብያለሁ።»

«ዋሪቱ፣ ስሚኝ። ቃሉን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ጥሩ ቃል አልነበረም። ጎሳሽ ፊት ቁሚ።»

ዋሪቱ ፊቷን አጠናችው። ሱቅ ውስጥ ያደገች የነጋዴ ልጅ ስለ ቡሳ ጎኖፋ ስትመክራት የመጀመሪያዋ መሆኑ ነው።

«ጅሎ ዋሽተዋል ነው የምትይኝ?»

«እንዲያስ አልወጣኝም።»

«እንግዲያው ስኳሬን ስጪኝ።»

ነጅዋ ለጆይስ ናይሮቢ ደወለች። ስህተቷን አንድም ሳታስቀር አስረዳቻት፤ ቡሳ ጎኖፋ ምን እንደሆነ፣ ጎሳው እንዴት እንደሚመድብ፣ የነፈገ ሰው ምን እንደሚገጥመው ሁሉ። ነጅዋ ቁጣ ጠብቃ ነበር።

«ነጅዋ» አለች ጆይስ፣ ድምፅዋ ተለውጦ። «ይሄ እኮ በጣም ድንቅ ነው። እስኪ ፊደል በፊደል ንገሪኝ።»

ነጅዋ ፊደል በፊደል ነገረቻት። በሁለተኛው ሳምንት ድርጅቱ ለፓሪስ የሚያሳትመው ወረቀት ርዕስ «ቡሳ ጎኖፋ» ሆነ። አንድን ስህተት ለማረም ደውላ ታትሞ እንዲወጣ ያደረገች ሰው በሞያሌ እሷ የመጀመሪያዋ ሳትሆን አትቀርም።

የቀረው ራሳቸውን ጅሎን ማግኘት ነበር። ወደ ዳበል የሚወስዳት ባለ ሞተር ስሙ ዲዳ ነው። ዲዳ በቦረና የታወቀ የወንድ ስም ነው፤ ይህኛው ግን ከሄሉ እስከ ዳበል ነፋሱን በአፉ እየዋጠም ቢሆን ወሬውን አላቋረጠም። ነጅዋ አንዱንም አልሰማችም። የምትለውን በልቧ በኦሮምኛ ትደረድር ነበር፤ አሁን እንኳ አንድ ቃል እንዳትስት።

ጅሎ ከበረታቸው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ጃቢር፣ ስለ መንገዱ ተጠያየቁ። ከዚያ ተናገረች።

«አቦ ጅሎ፣ ነገሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እዚያ የሚሰበሰቡት አገሮች እያንዳንዳቸው ለራሳቸው የፈለጉትን ያህል ነው የሚሉት። ማንም በማንም ላይ አይመድብም።»

«የነፈገውንስ ምን ያደርጉታል?»

«ምንም።»

«ሰላም ይሉታል?»

«አብረው ፎቶ ይነሳሉ።»

ጅሎ በምርኩዛቸው ጫፍ መሬቱን እየነካኩ ቆዩ። ነጅዋ ጉዞው የቀረ መሰላት፤ ደረቷም ቀለል አላት።

«ሕጉን አያውቁትም ማለት ነው» አሉ በመጨረሻ። «እንግዲህ ሄጄ እነግራቸዋለኋ።»

«ካልሰሙዎትስ?»

«ሳይነገረው የቀረን ሰው ንፉግ ማለት አይቻልም፤ መጀመሪያ ይነገረዋል። እያንዳንዱ በራሱ ላይ ከፈረደ ሁሉም ለራሱ ያዝናል። ሸንጎ ነው ሊመድብበት የሚገባ። ይህን ነው የምላቸው።»

«ይሁን። የዋሪቱን ላም ግን ጎሳው ይስጣት። እሷን ከዚህ ምን አገናኛት?»

ጅሎ ይህ ጥያቄ እንዳሳሰባቸው ያስታውቅ ነበር። «እዚያ ቆሜ ስጡ ስል ለማን ይሉኛል። ለአየሩ ልበል? የሰው ስም መጥራት አለብኝ። ዋሪቱ ብዬ ከጠራሁ ዋሪቱ ላም ሊኖራት አይገባም። በአንድ ሸንጎ የተመለሰ ጉዳይ ሌላ ሸንጎ አይቀርብም። ላሟ በረት ቆማ እያመሰኳች እኔ ላም ብጠይቅላት ውሸታም ሽማግሌ ነኝ፤ የውሸታም ሽማግሌ ነገር ደግሞ ከናይሮቢም አያልፍ።»

«ሌላ ሰው ይጥሩ።»

«ሁሉም ላሙን ይፈልጋል፤ እሺ ያለችኝ እሷ ናት» አሉ ጅሎ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እዚያ የምጠይቃት ላም ለዋሪቱ ብቻ አይደለችም። ለእሷ ከተመደበ ለሌላውም ይመደባል።»

ነጅዋ እርስዎ ያሉት ልክ ነው፣ ዓለሙ ግን እንደዚያ አይደለም የሚለውን በአራቱም ቋንቋ ሞከረችው፤ በአንዱም ከአፏ አልወጣም። ዋሪቱን ፍለጋ ወደ ጎጆዋ ሄደች፤ ዋሪቱ እንጨት ለቀማ ወጥታ ነበር።

ያ የታመመ የተባለው ሰማይ በዚያ ዓመት መጨረሻ እስኪበቃው ዘነበ። መንገዱ ጭቃ ሆኖ ሎሪዎች ተቀረቀሩ፤ ሳሩ ጉልበት ደረሰ፤ ጥጃ ያልወለደች ላም አልነበረችም። ሰው ሆዱ ሲሞላ እጁም ይፈታልና የዋሪቱ ጎሳ ሸንጎ እንደዚያ ዓመት ሰጥቶ አያውቅም ተባለ። የጠየቁት ሁሉ አገኙ። ዋሪቱም እዚያው ነበረች፤ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ የሰጡትንም የተቀበሉትንም መረቀች። ለእሷ ታስባ የነበረችው ላም፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ ከነጥጃዋ ወደ ሌላ በረት ተነዳች። ዋሪቱ ጥሩ ላም ናት ብላ መሰከረች።

ጅሎ በዚያው ሰሞን ፓሪስ ላይ ተናገሩ። ጆይስ ምስሉን በስልክ ላከችው፤ ሱቁ በሰው ተሞላ፤ ጃቢር ስልኩን ከሳሙናው ካርቶን ጋር አስደግፎ አቆመው። ጅሎ ነጭ ጥምጣማቸውን ጠምጥመው፣ ሰው ያዋሳቸው የሚመስል ትልቅ ካፖርት ደርበው ከድምፅ ማጉያው ፊት ቆመዋል።

«ዳበል ላይ ዋሪቱ የምትባል ሴት አለች» አሉ። «ከብቶቿ በዚህ ሰማይ አልቀዋል። ሰማዩን ያሳመመችው እሷ አይደለችም።»

ከምስሉ ሥር በእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣ። ነጅዋ አነበበችው፤ ሴቶች በአየር ንብረት ለውጥ ይበልጥ ተጎጂ ናቸው ይላል። የዋሪቱ ስም የለበትም።

«እያንዳንዳችሁ ለራሳችሁ አትመድቡ። ይህ ሸንጎ በእያንዳንዳችሁ ላይ ይመድብ። ቃላችሁ እንደ ሀብታችሁ ይክበድ።»

ጽሑፉ የጋራ መንፈስ ያስፈልገናል አለ።

«ዋሪቱ ላም የላትም። ማን ይሰጣታል?»

ይህን ብለው ዝም አሉ። ጽሑፉም ዝም አለ። ሱቁ ውስጥ የነበረ ቦረና ሁሉ ለምን ዝም እንዳሉ ያውቃል፤ ጉዳይ ያቀረበ ሰው መልስ እስኪሰጠው ካለበት አይነቃነቅም። አዳራሹ ግን አጨበጨበ። ከፍ ብላ የተቀመጠችው ሰብሳቢ አመሰገነቻቸው። ጅሎ አልተነቃነቁም። የድምፅ ማጉያዋ ቀይ መብራት ጠፋች። ጅሎ ቆመዋል። በመጨረሻ ክራባት ያሰረ አንድ ሰው መጥቶ በክርናቸው ያዛቸውና በጣም በአክብሮት ወሰዳቸው።

«አጨበጨቡላቸው» አለ ጃቢር፤ ደስታ ይሁን ሌላ ነገር ከድምፁ አይለይም።

ጅሎ ሲመለሱ ዳበል ተሰብስቦ ጠበቃቸው። ነጅዋ አልነበረችም፤ ዲዳ ነው የነገራት፤ የዲዳ ወሬ ደግሞ ምንም አያጎድልም። ዋሪቱ ከሁሉም ኋላ ተቀምጣ ነበር አሉ።

«ምን አሉዎት?» ብለው ጠየቁ ሽማግሌዎቹ።

«አጨበጨቡ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ምሳ ሆነ።»

ድርጅቱ ግን ዋሪቱን አልረሳትም። ፕሮጀክቱ «ቡሳ ጎኖፋ» ተብሎ ተከፈተ፤ ቃሉ በአረንጓዴ የተጻፈበት ካናቴራ በካርቶን መጣ፤ ዳበል ላይ ለየቤቱ ታደለ። ዋሪቱ ቡሳ ጎኖፋዋን በዚህ መልክ ተቀበለች። ሰፋ ይላታል።

የሚቀጥለው ዓመት ዝናብ ቀረ። ከዚያ በኋላ ይጥላል የተባለውም ደመናውን ብቻ አሳይቶ ሄደ። ጅሎ የዋሪቱን ጉዳይ ራሳቸው ይዘው ጎሳዋ ፊት ቆሙ፤ ማንም አልተቆጣቸውም፣ ማንም አልወቀሳቸውም። ሽማግሌዎቹ እያፈሩ «አምና ቢሆን ኖሮ» አሉ። ግንባረ ነጯ ላም እንኳ ወደ ጉድጓዱ በሚወስደው መንገድ ላይ ወድቃ ቀርታለች። ዋሪቱ በደህናው ጊዜ ወስዳት ቢሆን ወተቷ ልጆቿን ለአንድ ዓመት ያሳድግ ነበር የሚል ሐሳብ ለነጅዋ ደጋግሞ ይመጣባታል፤ በተለይ የዱቄት ወተት ስትሸጥ።

ከፓሪሱ ቀጥሎ ያለው ስብሰባ ሲደርስ ጆይስ እንደገና መጣች። አሁን የሚፈለገው አገሮቹ ቃላቸውን እንዲያጠነክሩ ነው፤ ጅሎ ያን የመሰለ ንግግር አንዴ ቢደግሙት አለች። ወደ ዳበል ሲሄዱ መኪናው ውስጥ ነጅዋ «እሳቸው ባይናገሩስ?» ብላ ጠይቃት ነበር። ጆይስ «እሳቸው? በፍጹም» አለች።

ሽማግሌዎቹ ዛፉ ሥር ተቀምጠው ደረሱባቸው። ጅሎ መሀል ላይ ናቸው።

«ነጋ?» አለች ጆይስ። ያቺን አንዲት የቦረና የሰላምታ ቃል ተምራታለች፤ አጠራሯም ጥሩ ነው።

ማንም አልመለሰም።

ነጅዋ ቀርባ «ነጋ?» አለች። ዝም። አንዱ ሽማግሌ ጥርሱን በመፋቂያ እየፋቀ ሩቅ ያያል። ስለዚህ ነገር ሺህ ጊዜ ሰምታለች፤ ሲደረግ ስታይ ግን የመጀመሪያዋ ነው።

ጆይስ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠለች። ስለ አዲሱ ስብሰባ ተናገረች። ኬንያም ድርሻዋን እንዳስታወቀች፣ ነገር ግን አብዛኛው ሌሎች አገሮች ከረዷት የሚሆን መሆኑን ተናገረች። ነጅዋ አንድም ቃል ሳትዘል ወደ ዝምታው አሻገረችው።

«ምን እያሉ ነው?» አለች ጆይስ።

«ሰላምታሽን አልመለሱም።»

«አልሰሙኝ ይሆናል።»

«ሰምተዋል። ለነፈገ ሰው የሚደረገው ነው። ወረቀታችሁ ላይ አለ፣ ከሽፋኑ ቀጥሎ።»

ጆይስ ያን ገጽ ራሷ ነው የጻፈችው። ከፊታቸው መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ አቧራው ልብሷን ሲይዝ ግድ አላላትም።

«እኔ ምን አደረግኩ?»

«ምንም። የነፈገው ሰው እዚህ አይመጣም። የመጣሽው አንቺ ነሽ።»

«ይህን እንዴት አድርጌ ሪፖርት ላይ እጽፈዋለሁ?»

ነጅዋ አታውቅም። ወደ ጅሎ ዞረች። «አቦ ጅሎ፣ እኔስ? እኔ መጥቼ ነግሬዎታለሁ። ቃሉ የተበላሸው በእኔ ነው ብያለሁ።»

ጅሎ ቀና ብለው አይዋት። ዓይናቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻላት ነበር። ሕግ ነው፤ ያወጁት እሳቸው ናቸው፤ ለአንዷ ቢፈቱት ለሌላው ምን ይሉታል? ዓይናቸውን መልሰው ወደ ሜዳው አደረጉ።

ወደ መኪናው ሲመለሱ ዋሪቱ ትንሿን ልጇን አዝላ፣ ጀሪካንና የተጠቀለለ ቁርበት ይዛ በሩ አጠገብ ቆማለች። ሌሎቹን ልጆች እህቷ ጋ ልካቸዋለች። ካናቴራዋ ላይ አረንጓዴው ጽሑፍ ደብዝዟል።

«ሰላም አልልሽም» አለቻት ለነጅዋ። «ግን ሄሉ ታደርሱኛላችሁ?»

«ግቢ።»

«እዚያ ልብስ የሚያሳጥቡ ሰዎች አሉ ይባላል።»

«አሉ።»

መኪናው ተነሣ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የወደቀውን ከብት ላለማየት ሦስቱም ወደ ፊት ይመለከቱ ነበር። ልጅቷ ዋሪቱ ጭን ላይ ሆና የመስኮቱን መስታወት በጣቷ እየነካች ጣቷን ትልሳለች። ጆይስ ብዙ ከቆየች በኋላ ስልኳን አወጣችና መቅጃውን ከፈተች። ድምፅዋ ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት ነበር።

«ለሚቀጥለው ስብሰባ መልእክት ካላት ጠይቂልኝ። የፈለገችውን ትበል። እንዳለችው አደርሰዋለሁ፤ ቃል በቃል።»

ነጅዋ ጠየቀቻት። በጥንቃቄ ነው የጠየቀቻት፤ መልእክት የሚለውን ቃል ከመናገሯ በፊት ሁለት ጊዜ በአፏ ውስጥ አገላበጠችው።

ዋሪቱ አሰበች። መንገዱን አየች፣ ልጅቷን አየች።

«ሄሉ ስትደርሱ ከውኃው ታንከር አጠገብ አውርዱኝ በያት» አለች።

ነጅዋ ቃል በቃል ተረጎመችው፤ አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። ጆይስ ስልኩን እንደያዘች ጠበቀች።

«ሌላስ?»

«ሌላስ ትልሻለች» አለች ነጅዋ።

«ሌላ ምን አለ?» አለች ዋሪቱ፤ በእውነት እየጠየቀች።

ይህንንም ተረጎመችው። ጆይስ መቅጃውን ዘጋችና ለሾፌሩ ነገረችው። ሄሉ ሲደርሱ መኪናው ከታንከሩ አጠገብ ቆመ። ዋሪቱ የበሩን መክፈቻ ፈልጋ አጣችው፤ ነጅዋ በላይዋ ተሻግራ ከፈተችላት። ዋሪቱ ልጇን አወረደች፣ ቀጥላ ጀሪካኑን፣ ቀጥላ ቁርበቱን። ከዚያ ከየትኛው በር እንደምትጀምር ለማወቅ ቆም ብላ የመንገዱን ቤቶች ግራና ቀኝ አየች። ሾፌሩ ሞተሩን አላጠፋም ነበር።